የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለኮሌጅ መዘጋጀት የሚጀመረው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ኢንጂነሪንግ መማር ትፈልጋለች። ከወዲሁ መዘጋጀት ያለብን ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን «እኛ ማትሪክን ያጠናነው በመጨረሻው ዓመት ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ይታሰብበታል» ይላል። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ማታ ማታ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች በትምህርት ቤቱ ክበባት አትሳተፍም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የባለቤትዎ ሐሳብ የተማሪው ዕጣ በአንድ ብሔራዊ ፈተና በሚወሰንበት በአገር ቤቱ ሥርዓት ትክክል ነበር። እዚህ ግን ኮሌጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ውጤቶቿ የሰፈሩበትን ሰነድ ነው፤ እሱም የሚጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል ውጤት ነው። ማመልከቻው የሚላከው በአስራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት በመሆኑ፣ መርማሪዎቹ የሚያዩት በአብዛኛው ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት ነው። ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም ቢሆን ይህን አይተካም፤ እንዲያውም ፈተናውን ግዴታ የማያደርጉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው።

በቅድሚያ ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ለቀጣዩ ዓመት ኮርስ የሚመረጥበትን ቅጽ ነው። ብዙ ወላጆች ልጁ «እዚህ ላይ ፈርሙልኝ» ሲል ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ከባዱ ውሳኔ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው። ሒሳብን ይመልከቱ፦ ልጅዎ ዘንድሮ አልጀብራ 1 እየተማረች ከሆነ፣ በተለመደው አካሄድ በአስረኛ ጂኦሜትሪ፣ በአስራ አንደኛ አልጀብራ 2፣ በአስራ ሁለተኛ ፕሪካልኩለስ ትወስዳለች፤ ካልኩለስ ሳትደርስበት ትመረቃለች ማለት ነው። ኢንጂነሪንግ ለመግባት ካልኩለስ በየኮሌጁ ግዴታ ባይሆንም፣ አብረዋት ከሚያመለክቱት ብዙዎቹ ወስደውት ይመጣሉ። አንዱን ኮርስ በክረምት (በሰመር) እረፍት መውሰድ ወይም ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን በአንድ ዓመት ጎን ለጎን መማር ይቻል እንደሆነ ካውንስለሯን (የትምህርት ቤቷን አማካሪ) አሁኑኑ ይጠይቁ። ሆኖም አልጀብራው ገና ካልገባት አታጣድፏት፤ ያልጸና መሠረት ላይ የተከመረ ኮርስ ውጤቷን ከማበላሸት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ካውንስለሯን ለማነጋገር የግድ በአካል መሄድ የለብዎትም፤ በስልክ ቀጠሮ መያዝ ይችላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ይህም መብትዎ ነው። እባክዎን ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጓት። ስለ ራሷ ውጤት ለእናቷ የምትተረጉም ልጅ፣ ደህና ደህናውን ብቻ ብታስተላልፍ አይፈረድባትም!

ወንድሟን መጠበቋን እንደ ጉድለት አይዩት። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ እስከ 10 ተግባራት የሚዘረዘሩበት ክፍል አለው፤ የቤተሰብ ኃላፊነትም በዚያ ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ዓይነት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትጠብቀው፣ የቤት ሥራውን ታሠራው እንደሆነ ከአሁኑ ማስታወሻ ትያዝ። በሌላ በኩል በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለመመረቅ የሚያስፈልገው የ75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስላለ፣ ምን ያህሉ እንደተመዘገበላት ያጣሩ።

የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለቤትዎን በቀጥታ ይመለከታል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ቀን የሚከፈት ሲሆን፣ የማይመለሰው የገንዘብ እርዳታ፣ ፔል ግራንትም የሚገኘው በእሱ በኩል ነው። ልጅቱ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሆና ስትሞላው የሚጠየቀው ግን የዚያን ዓመት ገቢ ሳይሆን፣ ከአስረኛ ክፍል አጋማሽ እስከ አስራ አንደኛ ክፍል አጋማሽ ያለው የአንድ ዓመት ገቢ ነው። ያ ዓመት ከአሁን ብዙም ስለማይርቅ፣ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩት ባለቤትዎ የነዳጅና የጥገና ደረሰኞቻቸውን በወጉ ይያዙ፤ ታክሱም በወቅቱ ይግባ፤ የገባበት ሰነድ ቅጂ ደግሞ እቤት ይቀመጥ።