መልስ፦ የአየርላንድ ሃርፕ በጊነስ ጠርሙስ ላይ

«የአገር አርማ የሆነውን ሃርፕ (በገና መሰል የአውታር መሣሪያ) ቢራ ጠማቂ ሲነግድበት የአየርላንድ መንግሥት ለምን ዝም ይላል?» ላሉት፦ ቢራው ስለቀደመ ነው። ቢራ ጠማቂው ጊነስ ሃርፑን መለያ ወረቀቱ ላይ ያወጣው በ1862 ሲሆን፣ በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው በ1876 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ነፃው የአየርላንድ መንግሥት አርማውን የመረጠው በ1922 ነው። ስለዚህ ዞር ያለው መንግሥት ነው፤ የሁለቱ ሃርፕ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። የአየርላንድ ሳንቲምና የጊነስ ጠርሙስ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ወዲያው ይታያል። የሁለቱም መነሻ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለው ጥንታዊ ሃርፕ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ምዝገባው መሣሪያውን የጠማቂው ንብረት አያደርገውም። በሕግ የሚጠበቀው ያ ሥዕል ነው፣ እሱም ለተመዘገበበት የሸቀጥ ምድብ። ቢራ በ32ኛው፣ ሌሎች የአልኮል መጠጦች በ33ኛው ምድብ ይገባሉ። ሃርፕ ሠሪ ወይም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሃርፕ ቢሥል ከቢራው ጋር የሚያምታታው ሰው አይኖርም። አዲስ ቢራ ጠማቂ ግን ከሁለት በኩል ይያዛል፦ ከጊነስ ምልክት፣ እንዲሁም የመንግሥታትን አርማና አስመስሎ የተሠራውን ከሚከለክለው የፓሪስ ስምምነት (የንግድ ምልክትና የፈጠራ መብት ዓለም አቀፍ ውል) አንቀጽ 6ter። ሥዕሉን መገልበጥ ብቻውን አያድንም፤ የአምዱ ቅርጽ፣ የአውታሩ አሣሣልና አጠቃላይ ገጽታው መለየት አለበት።

በገናና ክራር የኢትዮጵያ መንግሥት አርማ ስላልሆኑ ይህ የአርማ ከለላ አይደርሳቸውም። በገናን አረቄ ላይ የሚለጥፍ ሰው የሚገጥመው ተቃውሞ መጀመሪያ ከምእመናን እንጂ ከምዝገባ ቢሮ አይመስለኝም።