መልስ፦ ልጄ ገበያ መሀል ንዴትና ጩኸት ሲነሳበት ምን ላድርግ?

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ ቅዳሜ ገበያ መሀል ወድቆ ጭንቅላቱን እንደሚያጋጭ፣ ሰውም «ግረፊው» እንደሚልሽ ጽፈሻል። አትግረፊው፤ በዚያች ሰዓት ቁጣም ምክርም አይገባውም። ድንጋዩን አርቂ፣ ነጠላሽን አጥፈሽ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጊ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አይዞህ፣ አለሁ» ብቻ በይው። ዝም እንዲል ብለሽ የከለከልሽውን ነገር፣ ለምሳሌ ብስኩት፣ ከሰጠሽው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ጩኸቱ ይረዝማል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለ2 ሳምንት ሰዓቱን፣ ጩኸቱ ከመነሳቱ በፊት የሆነውንና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፊ። ረሃብ፣ የባጃጅ ጩኸት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። ደብተሩን ይዘሽ ባሕር ዳር ባለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አሳዪው። ዓይኑ ፈጦ ስትጠሪው ካልሰማ ወይም ካንቀጠቀጠው የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ውሰጂው። ጸበል ብትወስጂውም ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት አታቋርጪ። አንቺም ደክሞሻል፤ በሳምንት ግማሽ ቀን የሚተካሽ ዘመድ ዛሬውኑ ጠይቂ።