በብርድ እጄ እየተሰነጠቀ ተቸገርኩ ላልሽው

እህቴ፣ ሎሽን በቀን አምስቴ እየተቀባሽም ካልተሻለሽ ችግሩ የምትቀቢበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ታጥበሽ በፎጣ ዳበስ ዳበስ አድርጊና ቆዳሽ ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን ተቀቢ። ቫዝሊን ራሱ ውሃ የለውም፤ ቆዳሽ ላይ ያለው እንዳይተን ነው የሚከድነው።

ሚኒሶታ በመጣሁበት የመጀመሪያ ዊንተር፣ ብርዱም ሂተሩም ተባብረው የጣቶቼ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ ደማ። በርበሬ ሲነካውማ አትጠይቂኝ! የገላገለኝ ማታ ማታ ቫዝሊን ለቅልቆ፣ የጥጥ ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ መተኛት ነው። ባለቤቴ እስኪበቃው ስቆብኛል።

በጣም በሞቀ ውሃ አትታጠቢ፣ ለብ ያለ ይበቃል። ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ሎሚ ቀቢበት የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ፣ ያቃጥልሻል። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ሐኪም ይየው።