ልጆቻችንና የመርከቡ ባለ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሲያትል ደወለችልኝ። በመጪው ሰኔ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በመርከብ ወደ አላስካ ሊሄዱ ትኬት ቆርጠዋል። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው፣ ትልቁ ዘጠኝ ሞልቶታል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «የተጋባንበት 10ኛ ዓመት በዚያው ሳምንት ይውላል። መርከቡ ላይ ለብቻው የሚከፈልበት ጥሩ የስቴክ ቤት አለ አሉ። ልጆቹን ይዘን ብንገባ ነውር ነው?»

ነውር ማለቷ አሳቀኝ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ይህንኑ በማኅበር ቤትም፣ በልጆች ልደት ላይም ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ልጆቼ ሕፃናት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ጊዜ በሽርሽር መርከብ ሄጃለሁ፤ ዋሽንግተን ውስጥም በአንድ ሆቴል ሬስቶራንት 11 ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ልጅ ይዞ የሚገባውንም ሰው፣ ትሪ ተሸክሞ ያንን ልጅ ላለመርገጥ የሚጠነቀቀውንም ሰው ሆኜ አይቻለሁ። (ሰዓቱን ሁሉ በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናቴን አንድ ጊዜ «እራት በስምንት ሰዓት ነው» ብዬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ለብሳ ጠብቃኛለች።)

አስቀድሞ የቤቱን ደንብ ማወቅ ነው። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽና ቡፌው በትኬታችሁ ዋጋ ውስጥ ናቸው፤ ለልጆቻችሁም ተከፍሎበታልና እዚያ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። በሰው ከ40 ዶላር ጀምሮ አንዳንዴም ከ100 በላይ የሚጠየቅባቸው ምግብ ቤቶች ግን እንደየኩባንያው ይለያያሉ። የሚገርመው ከጥብቆቹ አንዱ ዲስኒ መሆኑ ነው። ሚኪ ማውስ በኮሪደሩ እየተዘዋወረ ልጆች በሚያቅፍበት መርከብ ላይ ፓሎና ረሚ የሚባሉት ሬስቶራንቶች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አያስገቡም። ልጅ ጠልተው ነው እንዳይባል እንጀራቸው ልጅ ነው። አባትና እናትም አንድ ምሽት ለማንም ልጅ ሥጋ ሳይቆርሱ መብላት እንደሚያምራቸው ገብቷቸዋል። ቨርጂን ቮያጅስና ቫይኪንግ የሚባሉት ኩባንያዎች ደግሞ ጭራሽ መርከቡን በሙሉ ለአዋቂ ብቻ አድርገውታል። እንግሊዝ ያላችሁም የፒ ኤንድ ኦ ኩባንያን መርከቦች አርካዲያንና አውሮራን ከልጆች ጋር እንደማትሳፈሩባቸው ገንዘብ ሳትከፍሉ እወቁ።

እንዲህ ያለው በር ላይ ክርክር አይጠቅምም። ዕድሜ መጨመርም አያስኬድም፤ ስትሳፈሩ የተመዘገበው የልደት ቀን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። የቪዛ ፎርም ሲሞላ ሁለት ዓመት የተቀነሰለት ጎረምሳ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ያቺ ሁለት ዓመት እዚህ በር ላይ ትቆጠርባችኋለች።

ነገሩ የሚከብደው ልጅ አይከለከልም በሚባልባቸው ቤቶች ነው። እነዚህ ብዙ ናቸው፤ ለትንንሾቹም በነፃ ወይም በቅናሽ ያበላሉ። ስለዚህ መብቱ አላችሁ። መብት መኖሩና ምሽቱ ማማሩ ግን ለየቅል ነው፤ ይህንን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነው። በሦስተኛው ምሽት ሸሚዝ አልብሰን፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝተን፣ በ8 ሰዓት ወደ ስቴክ ቤቱ ገባን። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ጨርቁ ነጭ፣ በየሰዉ ፊት ሦስት ሦስት ብርጭቆ። አስተናጋጁ ያልተጠበሰውን ሥጋ በሰሌዳ ላይ ደርድሮ መጣና ይህ ከጎድን፣ ይህ ከሽንጥ እያለ ያስረዳን ጀመር። ልጄ ወንበሩ ላይ ቆሞ በጠራ እንግሊዝኛ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ «አባዬ፣ እነሱም ጥሬ ሥጋ ይበላሉ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አስተናጋጁም ሳቀ።

ሳቁ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ምግባችን የመጣው ከተቀመጥን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። እስከዚያ ልጁ ዳቦውን ጨርሷል፣ ሹካዎቹን ወታደር አድርጎ አዋግቷል፣ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሷል፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የጨርቁን ጫፍ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኛ። መርከቡ ትንሽ ዘመም ሲል ጨርቁን እንደያዘ ተገላበጠ፤ ውኃውም ቀይ ወይኑም ባለቤቴ ቀሚስ ላይ ተደፋ። አጠገባችን የጋብቻቸውን 50ኛ ዓመት የሚያከብሩ ባልና ሚስት አዛውንቶች ነበሩ። አንዲት ቃል አልተናገሩንም፤ እንዲያውም ሴትዮዋ የራሷን ናፕኪን አቀበለችን። ጥቂት ቆይተው ግን ሰውዬው አስተናጋጁን ጠርቶ ኬካቸው ወደ ክፍላቸው እንዲወሰድላቸው ሲጠይቅ ሰማሁት። ሳይቆርሱት ተነሥተው ሄዱ።

ልጁ ምን አጠፋ? ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ቁጭ ማለት የእስር ያህል ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በሥራ ቦታዬ ሌሎች ወላጆች ሲያደርጉት ስታዘበው የኖርኩትን። ከሁሉ የሚያናድደኝ በዚያው ሰዓት ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ በትኬታችን ዋጋ ውስጥ የተካተተ የሕፃናት ክበብ መኖሩ ነው፤ እኩዮቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፒዛ እየበሉ ፊልም ያያሉ። ያልወሰድነው «ለማናውቀው ሰው ልጃችንን አንሰጥም» ብለን ነው።

ይህንን አነጋገር ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። አገር ቤት ሳለን ግን ዙሪያችን ሁሉ የምናውቀው ሰው ነበር፤ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የጎረቤት ልጅ አለች። እዚህ ቃሉን ይዘን ሰዎቹን ትተናቸው መጣን። ስለዚህ ልጁ ለቅሶ ቤትም፣ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት የሠርግ አዳራሽም፣ ስቴክ ቤትም ተከትሎን ይገባል። ፍቅር ነው እንላለን። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን የሚተውበት ቦታ ማጣት ነው።

እንዲያውም ልጅ ከእንግዳ እኩል ገበታ መቅረቡ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት እንግዳ ሲመጣ የልጅ ሥራው ማስታጠቢያውን ይዞ እጅ ማስታጠብና ዘወር ማለት ነበር። የሚበላው ትልልቆቹ ከመሶቡ ሲነሡ ነው፤ እስከዚያ የሚደርሰው አንዱ እንግዳ አዝኖለት ጠርቶ ያጎረሰው ጉርሻ ብቻ። ያንን ሥርዓት እንመልሰው አልልም፤ የዶሮ ወጡ ሥጋ አልቆ መረቁ ላይ መድረስን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ነገር ግን ከዚያ ቤት ወጥተን የመጣን ሰዎች የአዋቂ ጠረጴዛ ለየት ብሎ ስናይ «ፈረንጅ ልጅ አይወድም» ብለን ስንፈርድ ራሴን ያስነቀንቀኛል።

ለእህቴ ልጅ አጥብቄ የነገርኳት ይህንን ነው። መርከቡ በሚነሣበት ቀን የሕፃናት ክበቡ ወላጆች ገብተው እንዲያዩት ይከፈታል። ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት እዚያ ሂዱ። ልጁን ፈርሞ መውሰድ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ቢያለቅስ በምን እንደሚጠሯችሁ፣ የማይስማማው ምግብ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ። አብዛኞቹ ዳይፐር ያቆመ ልጅ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ በብዙዎቹም እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት ክፍያ የለውም። ከ3 ዓመት በታች ላለው በሰዓት እየተከፈለ የሚጠብቁ መርከቦች አሉ፣ ሆኖም ጥቂት ናቸው፤ ቦታውም ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ትታችሁ ሞክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በማታ የተተወ ልጅ ያለቅሳል፤ ቀን የለመደው ግን ማታ እናንተን ራሳችሁን ያባርራችኋል። የእኔው ልጅ ከዚያ የወይን ጠጅ ምሽት ማግስት ክበቡን አየ። በአምስተኛው ቀን ልናወጣው ስንሄድ «ለምን ቶሎ መጣችሁ?» ብሎ እስከ ቁርስ አኮረፈን።

«ትልቁ ትንሿን ክፍል ውስጥ ይጠብቃታል» የሚለውን ግን እርሱት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሞግዚት አይሆንም፤ ባሕር ላይ ደግሞ ጭራሽ። ተኝታ በጋሪ ትገባለች ብሎ ማሰብም በአላስካ አይሆንም፤ በሰኔ አጋማሽ ጁኖ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልጆቹ ገና ቀን ነው ብለው ድርቅ ይላሉ። ከአገር ቤት የመጣች እናት አብራችሁ ካለች አንድ ምሽት ትጠብቅላችሁ። በየማታው ከሆነ ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ ነው ያመጣችኋት።

ልጆቹን ይዘን እንገባለን ካላችሁ፣ በተለይ ዘጠኝና አሥር ዓመት ከሞላቸው፣ ግቡ። ልጅ ናፕኪን ጭኑ ላይ ማንጠፍ፣ አስተናጋጁን ዓይን ዓይኑን እያየ ማዘዝ የሚማረው ተቀምጦበት ነው። ቤቱ በሚከፈትበት በ5 ሰዓት ተኩል ያዙ፤ የወጥ ቤቱ ሥራ ገና ስላልተጨናነቀ ምግቡም ይፈጥናል። ከመተላለፊያው ርቆ ግድግዳ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ጠይቁ። ልክ ስትቀመጡ «የልጆቹ ምግብ ከእኛ የመጀመሪያው ሰሃን ጋር ይምጣ» በሉ፤ ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ያልሰማ አስተናጋጅ የልጁን ፓስታ ከእናንተ ስቴክ ጋር ነው የሚያመጣው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ልጁ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። ድምፅ ያለው ታብሌት አይከፈት፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሩጫ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ሆቴል ውስጥ ትኩስ ሰሃን ተሸክሜ ስሄድ የሚንቀሳቀሰው ልጁ ብቻ ነበር፤ መርከብ ላይ ወለሉም ይንቀሳቀሳል።

መነጫነጭ ሲጀምር አንዳችሁ ተነሥታችሁ ይዛችሁት ውጡ፣ ጀልባውን ዓሣውን አሳዩትና ተመለሱ። በ11 ዓመት ውስጥ ያለቀሰ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ መልኩን የማስታውሰው ግን አንድም የለም። የማልረሳቸው ልጃቸው እየጮኸ ወሬያቸውን የቀጠሉትን ወላጆች ነው። የአገልግሎቱ ጉርሻ ብዙውን ጊዜ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ሥር የሩዝ እርሻ ትታችሁ ከተነሣችሁ ግን ጥቂት ዶላር በእጅ ጨምሩ።

ቀጣዩን ልጽፈው አልጽፈው ብዬ አመንትቼ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ ከክፍሉ ሁሉ ጥቁር ቤተሰብ እኛ ብቻ የምንሆንበት ጊዜ አለ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየን ለልጁ ድምፅ ይሁን ለመልካችን አይታወቅም። እኔ መጀመሪያ የማየው ልጄን ነው። እየረበሸ ከሆነ ዓይኑ የመጣው በእሱ ነው እላለሁ፣ ልጁን አስተካክላለሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እየበላ ከሆነ ግን ያ ዓይን የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ጣፋጩን አዝዛለሁ። አንድ ጊዜ በር ላይ የቆመ ሠራተኛ ደንቡ ልጅ በማይከለክልበት ቤት «ቡፌው ይሻላችኋል» አለን። ድምፄን ሳላነሣ ኃላፊውን ጠርቼ ደንቡን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ይቅርታ ጠይቆ መስኮት አጠገብ አስቀመጠን። አንዳንዶቻችን ግን ይህንን ዓይን ፈርተን ልጁን ምንም ሳያጠፋ ጠረጴዛ ሥር በቁንጥጫ እናደርቀዋለን። እንደዚያ የሚሆን ከሆነ ፒዛው ይሻለዋል።

ስለ አሳማ ሥጋ አንድ ቃል ብቻ፦ ቡፌ ላይ ልጅ ብቻውን ሰሃን ይዞ ከሄደ ቤከን ይዞ መመለሱ አይቀርም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ደግሞ ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ ከአንድ ቀን በፊት ከነገራችሁ የጾሙን በደህና ይሠሩታል።

የእህቴ ልጅ ይህንን ሁሉ ሰምታ ሁለት ምሽት ልትይዝ ወሰነች። አንዱን ምሽት አራቱም በ5 ሰዓት ተኩል፣ ሌላውን ምሽት ልጆቹ ክበብ ገብተው ሁለቱ ብቻ በ8 ሰዓት። «ሁለት ጊዜ ልንከፍል ነው?» አለች። የትንሿ በነፃ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። ስልኩን ልንዘጋ ስንል እናቷ፣ እህቴ፣ ከኋላ «በሰኔ ጾም ነው ሥጋ ቤት የምትገቡት?» ስትል ተሰማኝ። ስልኩ ጭጭ አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ በዚህስ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

እኔ አስተናጋጅ እንጂ የንስሐ አባት አልነበርኩም አልኳት።