ቀዶ ሕክምናው አያስፈራም፣ ጠብታው ግን ያስፈራል

ወንድሜ፣ ቀኝ አፍንጫህ ለዓመታት እንደተዘጋ፣ የአንገት በላይ ሐኪምም «መካከለኛው ግድግዳ ተጣሟል፣ በቀዶ ሕክምና ይቃናል» እንዳለህ ጽፈሃል። ያሳምማል ወይ፣ ተመልሶስ ይዘጋል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ያደረግሁት በ2014 ነው።

ያልጠየቅኸውን ላስቀድም። የአፍንጫ ጠብታ ትጠቀማለህ? እኔ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ስመላለስ ዛይሎሜታዞሊን ከኪሴ አይጠፋም ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ! ይህ ጠብታ ከአንድ ሳምንት ካለፈ የአፍንጫን ሥጋ መልሶ ያሳብጠዋል፤ አንተም ለእብጠቱ ሌላ ጠብታ ትጨምርበታለህ። ሐኪሜ መጀመሪያ ይህንን አስተወኝና በየቀኑ የሚነፋ ሌላ መድኃኒት አዘዘልኝ። ግራው በዚያው ተከፈተ። ቀኙ ስላልተከፈተ ጥፋቱ የግድግዳው መሆኑ ታወቀ።

ሕመሙ ከተፈራው ያነሰ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ስለተሰጠኝ ምንም አልሰማሁም። የተጣመመውን ለስላሳ አጥንት የሚያስተካክሉት በቀዳዳው በኩል ስለሆነ ፊት ላይ ጠባሳ አይኖርም። የከበደኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍንጫዬ ውስጥ የተደረገው ማሸጊያ ነው። ሁለት ሌሊት በአፌ ስተነፍስ ጉሮሮዬ ደርቆ አደረ፤ ምራቅ በዋጥሁ ቁጥር ጆሮዬ ይደፈን ነበር። ሲወጣልኝ ሳላስበው እንባዬ ፈሰሰ፤ ደስ ያለኝ ግን ወዲያው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት መናፈጥ ክልክል፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ «ይህንን ካላሸተትህ» ስትለኝ መከራከሩ ከቀዶ ሕክምናው በለጠብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ ብሶ ቢዘጋ እንዳትደነግጥ፤ እብጠትና የረጋ ደም ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተዘጋጀ የጨው ውኃ ስታጥበው ይለቃል። እኔ በደንብ የተነፈስሁት በሦስተኛው ወር ገደማ ነው።

ተመልሶ ይዘጋል ወይ? ግድግዳዬ እስካሁን ቀና ነው። የአፍንጫን ሥጋ የሚያሳብጠውን አለርጂ ግን ቢላዋ አይነካውም። በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አቧራው እንደ ድሮው አፍኖኝ ወደሚነፋው መድኃኒት ተመልሻለሁ። ስለዚህ ሐኪምህን «የዘጋብኝ አጥንቱ ነው ወይስ ሥጋው?» ብለህ ጠይቀው። ሁለቱም ከሆኑ፣ በቀዶ ሕክምናው የሚቃናው አንዱ ብቻ መሆን አለመሆኑን ያስረዳህ።

አስፕሪን የምትወስድ ከሆነም አስቀድመህ ተናገር፤ ደም ያቀጥናል። እኔ ዋዜማው ላይ ስለተናገርሁ ቀጠሮዬ በአሥር ቀን ተገፍቶብኛል።