የአባቴ ፎርማዎች

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ያለችው ሱቄ አንድ ልጅ መጣ። ካፌ ሊከፍት ነው። የሰቀልኩትን የድሮ ዓይነት ፋኖስ ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ ዲዛይኑን ከየት አገኙት? ከኢንተርኔት ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አባቴ ኩራዝና ፋኖስ ሠሪ ነበር። ኩራዙን ከዘይት ጣሳ፣ ፋኖሱን ከቆርቆሮ። ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ ፎርማዎች ነበሩት፤ ለክዳኑ፣ ለአንገቱ፣ ለታችኛው ቀለበት። ፎርማውን ቆርቆሮው ላይ ያስቀምጥና ዙሪያውን በምስማር ጭሮ በመቀስ ይቆርጣል። ከዚያ ቁርጥራጩን የሚያያይዝበትን ስታኞ ያቀልጣል። ሜትር ይዞ አይቼው አላውቅም።

ፋኖሱ ለገበያ ነው። እኛ የምናጠናው በኩራዝ ነበር። ጠዋት አፍንጫችን ጥላሸት ብቻ! እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገን ትልና ነጠላውን አይታ ትተወዋለች።

በ1977 ዓ.ም ከባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በኤሌክትሪክ ተመርቄ መጣሁ። ጢስ ዓባይ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ መብራት ያመነጭ ነበር፤ እኔ ግን ጎጃምን ሁሉ የማበራው እኔ መስሎኝ ነበር። አባቴ ታሞ ተኝቷል። ቤቱን ላጽዳ ብዬ ፎርማዎቹን ከነሽቧቸው አወረድኳቸው። «ቁራሌው!» ሲል ሰማሁና ጠራሁት። በስንት እንደሸጥኩለት ረስቼዋለሁ። በገንዘቡ ሻይ መጠጣቴን ግን አልረሳሁም።

አባቴ ተሽሎት ሲነሳ ባዶውን ግድግዳ አየ። ምንም አላለኝም። ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ፋኖስ አልሠራም።

እኔ ወደ ፋኖስ የተመለስኩት ጡረታ ስወጣ ነው። በግምት ቆርጬ የመጀመሪያውን ሠራሁና በላምባ ለኮስኩት። ጭሱ አያድርስ ነው! ሙቁ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች መሳብ አለበት። የታችኛው ቀዳዳ ካነሰ እሳቱ ይታፈናል፣ ብርጭቆው ይጠቁራል። ይህን ፖሊ ተምሬዋለሁ። ስንት ቀዳዳ እንደሚበቃ የሚያውቀው ግን ፎርማው ነበር።

አሁን አብዛኛው የምሸጠው በኤልኢዲ የሚሠራ ነው። ፋኖስ ልትሠሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ «ኤልኢዲ አይሞቅም» ብላችሁ ቆርቆሮውን ድፍን እንዳታደርጉት። አምፖሉ ሥር ያለው ዕቃ ይሞቃል፤ መተንፈሻ ካጣ ቶሎ ይቃጠላል። ኧርዝም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ፣ አትርሱ፤ ፋኖሱ ብረት ነው። ስለ ንግድ ፈቃድና ግብር አላወራም፤ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ግን ታስገርሙኛላችሁ። ፋኖሱ ሳይኖር ሎጎው አልቋል! ሎጎውን ተውትና ሰፈራችሁ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ሽማግሌ ካለ ፎርማውን ወረቀት ላይ ንደፉልኝ። ብድር ደግሞ አትንኩ። እርግጥ እኔም ዕቁብ ቀድሞ ባይወጣልኝ ኖሮ መቁረጫ ማሽኑን አልገዛም ነበር። ያው እሱም ብድር ነው።

አምና ብቸና አካባቢ አንዲት እናት ቤት የአባቴን ፋኖስ አገኘሁ። በክዳኑ ጠርዝ ለየሁት፤ እጅ እንዳይቆርጥ ሁለት ጊዜ ያጥፈው ነበር። «ውሰደው፣ ግን መልስልኝ፤ የሰርጌ ነው» አሉኝ። ቤቴ ወስጄ ስታኞውን አቀለጥኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ነደፍኩ። የታችኛውን ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ 24። እኔ የምበሳው 16 ነበር።

ፎርማው ተገኘ። ፋኖሱን መልሼ ልግጠመው ብል ግን እንደነበረው አልሆን አለኝ። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ እንደተበታተነ አለ። ብቸናም እስካሁን አልሄድኩም።