መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች ኳየር ከምረቃ መድረክ ያልፋል ወይ?

ወንድሜ፣ «የተማሪ ኳየር ከምረቃ ቀን መዝሙር ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል?» ላልከው ፊንላንድ ያለውን የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ኳየር ልንገርህ። ስሙ ዪሊዮፒላስኩናን ላውላያት ነው፤ ምላስ ያስራል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ያኔ አብዛኛው የፊንላንድ ምሁር የሚያወራው በስዊድንኛ ነበር። እነሱ ግን በፊንላንድኛ ዘመሩ። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።

አዳዲስ ዜማም ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ባዘጋጁት የዜማ ድርሰት ውድድር ላይ ታዋቂው የፊንላንድ የሙዚቃ ደራሲ ዣን ሲቤሊየስ «ራካስታቫ» የተባለ ሥራውን ይዞ ገባ። ሁለተኛ ወጣ! አንደኛ የወጣው ኤሚል ጌኔትስ ነው። እስቲ አሁን ከፊንላንድ ውጭ ጌኔትስን የሚያውቅ ፈልግ። «ራካስታቫ» ግን ዛሬም ይዘመራል። የሲቤሊየስን የወንድ ኳየር ሥራዎች የዚሁ ኳየር ዘማሪዎች ራሳቸው ዘምረው በድምፅ ቀድተዋቸዋል፤ ከዚያ ጀምር። በጆሮ ማዳመጫ ስማው፣ የታችኛው ድምፅ በስልክ ስፒከር አይሰማም።